ስለ ወዳጅ ራስን አሳልፎ መስጠት፤ ሲድኒ ካርተንና ሊቀ መኳስ ዮሐንስ

በባሕር ዳር ከተማ ከጣና ሐይቅ ዳር ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተመለከተ ሰው፣ በቡና ደን የተሸፈነችውን የዘጌን ምድር በውሃው ማዶ ያያል። ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢመልስ ደግሞ የቆራጣ አገር በዚያ በኩል ትገኛለች። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በዘጌ ሰፍረው፣ ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በቆራጣ ተቀምጦ ነበርና፣ በእነዚህ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል የደንገል ታንኳዎች መልእክትና መልእክተኛ ይዘው ይመላለሱ ነበር።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚያ ድርድር አይደለም። በዚያ ድርድር ላይ እጅግ ሊጠቅም ይችል የነበረ፣ ዳሩ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ስለ ንጉሡ ሕይወት ራሱን አሳልፎ ስለ ሰጠ አንድ ሰው ነው። ይህም ሰው እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ በአገራችን መጠሪያው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው ነው። የዚህን ሰው ሥራ በሚገባ ለመመዘን ግን አስቀድመን በዚያው ዘመን በአገሩ በእንግሊዝ ከተጻፈ አንድ መጽሐፍ መነሣት ይጠቅመናል።

ስመ ጥሩው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ «የሁለት ከተሞች ታሪክ» የተባለውን ልብ ወለድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859፣ በእኛ ከ1851 እስከ 1852 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ራሱ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት እየከፋፈለ አወጣው። ሁለቱ ከተሞች ሎንዶንና ፓሪስ ናቸው፤ ዘመኑም የፈረንሣይ አብዮት የተነሣበት ዘመን ነው። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በመጀመሪያ የመጣለት የወዳጁን የዊልኪ ኮሊንስን ቴአትር በሚጫወትበት ጊዜ እንደ ነበረ ደራሲው በመቅድሙ ገልጿል፤ በዚያም ቴአትር የያዘው ቦታ ለሌላው ሰው ሲል የሚሞተውን ሰው ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ ሲድኒ ካርተን የሚባል ጠበቃ አለ። ይህ ሰው አእምሮው ብሩህ ሲሆን፣ በመጠጥ ተሸንፎ ዕድሜውን በከንቱ ያባከነ ነው። ስትራይቨር ለተባለ ሌላ ጠበቃ ሌሊቱን ሙሉ እየጠጣ የክርክሩን ነገር አብላልቶ ያዘጋጅለታል፤ ሲነጋ ግን በችሎት ፊት ቆሞ የሚመሰገነው ስትራይቨር ነው። ካርተን ለራሱ ክብር የለውም፤ ሰውም ያከብረኛል ብሎ አይጠብቅም።

አንድ ቀን ቻርልስ ዳርኔ የሚባል ፈረንሣዊ በሎንዶን ከተማ በአገር ክዳት ተከስሶ ለፍርድ ቀረበ። ምስክሩ «ያየሁት ይህንኑ ሰው ነው» ብሎ በጸናበት ሰዓት፣ ካርተን ተከሳሹን ቁርጥ እንደሚመስል ለችሎቱ ታየ። ሁለት ሰዎች ይህን ያህል ከተመሳሰሉ የምስክሩ ቃል እምነት የሚጣልበት አልሆነምና ዳርኔ ነጻ ወጣ። ከዚያም በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሉሲ ማኔት የተባለችውን አንዲት ልጃገረድ ወደዱ፤ እርሷም ያገባችው ዳርኔን ነው። ካርተን ግን ከሠርጉ አስቀድሞ አንድ ቀን ለብቻዋ አግኝቷት፣ ለእርሷና እርሷ ለምትወደው ሰው ሲል ሕይወቱን እስከ መስጠት እንደሚደርስ ቃል ገባላት። ያን ቀን ይህን የሰማ ሰው ቢኖር የሰካራም ወሬ ነው ብሎ በሳቀበት ነበር።

አብዮቱ በተጋጋለ ጊዜ ዳርኔ በችግር ላይ የወደቀ የቀድሞ አገልጋዩን ለማዳን ወደ ፓሪስ ሄደ። ዘሩ ድኻውን ሲበድሉ ከኖሩ መሳፍንት ነበርና ተያዘ፤ ብዙ ጊዜም ከታሰረ በኋላ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። በዚህ ጊዜ ካርተን አንዱን ሰላይ በምስጢሩ አስገድዶ ወደ እስር ቤቱ ገባ፤ ከዳርኔም ጋር ልብስ ተለዋወጠ፤ በመድኃኒት አደንዝዞም እንደ ታመመ እንግዳ በሰው ተደግፎ እንዲወጣ አደረገው። እርሱ ግን በሟቹ ስፍራ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ደራሲው አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሯል። አብራ ለሞት የምትወሰድ አንዲት ምስኪን ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ ዳርኔንም በእስር ቤት ታውቀው ነበር። ወደ ካርተን ቀርባ መልኩን በተመለከተች ጊዜ ሰውየው እርሱ እንዳልሆነ ለየች። ምስጢሩን ግን አላወጣችም፤ እጁን እንድትይዝ ብቻ ለመነችው። ሰካራሙና ዋጋ ቢሱ ካርተን የዚያችን ልጅ እጅ ይዞ እያጽናናት እስከ ጊዮቲን ድረስ ሄደ። በዚህም ደራሲው ሊያስረዳን የፈለገው፣ እውነተኛ መሥዋዕትነት ለአንድ ሰው ብቻ ተሰጥቶ የሚያልቅ አለመሆኑን ነው፤ ሞትን የቈረጠ ልብ በመንገዱ ላገኘው ለማያውቀው ሰው እንኳ የሚተርፍ ርኅራኄ አለውና።

እንግዲህ ይህ የደራሲ ፈጠራ ነው። በሌላው ሰው ልብስ ሞትን መቀበል ግን በእኛ አገር ልብ ወለድ አልነበረም፤ ሹመት ነበር። በነገሥታቱ ቤት ሊቀ መኳስ የሚባሉ ሁለት ባለሟሎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በጦርነት ቀን ልክ እንደ ንጉሡ ለብሰው በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ። ጠላት ከሦስቱ ንጉሡ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ እንዳያውቅና፣ ለንጉሡ የተወረወረው ጦር በእነርሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ስለዚህ የክብር ልብስ የሆነው ካባ ለሊቀ መኳሱ የሞት ዒላማም ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ባለሟሎች አንዱ ከሩቅ አገር የመጣው ጆን ቤል ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ገደማ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ወደ ግብፅም ከተመለሰ በኋላ በ1843 በስዊዝ ከአገሩ ሰው ከዋልተር ፕላውደን ጋር ተገናኝቶ፣ ሁለቱ አብረው በምጽዋ በኩል ገቡ። ፕላውደን ኋላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነት ውል ተዋዋለ። ቤል ግን የአገሩን መንግሥት ሥራ አልፈለገም። ኢትዮጵያዊት ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ በደብረ ታቦር ግቢያቸው በነበረው በራስ ዓሊ ቤት አገለገለ። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ራስ ዓሊን ድል ካደረጉና በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ ወዲያ ቤል የእርሳቸው ባለሟል ሆነ፤ ሊቀ መኳስነትም ተሾመ።

በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምጽዋ ሲጓዝ፣ የንጉሡ ዘመድ ሲሆን በንጉሡ ላይ የሸፈተው ጋረድ አደጋ ጣለበት። ቆንስሉ ቆስሎ ተማረከ፤ በገንዘብ ተዋጅቶ ወደ ጎንደር ቢመለስም ከቁስሉ ሳይድን ሞተ። አፄ ቴዎድሮስ የወዳጃቸውን ደም ለመበቀል በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ በጋረድ ላይ ዘመቱ። በዚያ ውጊያ አደጋው ወደ ንጉሡ በቀረበ ሰዓት ቤል ሰውነቱን በንጉሡና በጠላቱ መካከል አግብቶ በዚያው ወደቀ። ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ማን ማንን እንደ ገደለ በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ ቤል የሞተው ንጉሡን ሊያድን ሲል መሆኑንና ጋረድም በዚያው ቀን መውደቁን አይለያዩበትም። ዲከንስ የካርተንን ሞት ጽፎ ከፈጸመ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

የሁለቱ ሰዎች ሥራ በብዙ ይመሳሰላል፤ በብዙም ይለያያል። ካርተን ቀድሞ የረባ ሥራ ያልሠራ፣ በሞቱ ብቻ የተከበረ ሰው ነው። ቤል ግን ታማኝነቱን በየቀኑ ሲያሳይ የኖረ ስለ ሆነ፣ ሞቱ የኑሮው መደምደሚያ እንጂ ማስተባበያ አይደለም። ካርተንን ያስገደደው ሹመትም ሕግም አልነበረም፤ «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እንደሚባለው የገባውን ቃል ፈጸመ። ቤል ባለ ሹመት ነበር፤ ሆኖም የክብሩን ካባ መልበስና በጦር ፊት መቆም አንድ አይደሉምና፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ፊት ያራመደው ሹመቱ ሳይሆን ልቡ ነው ብንል አንሳሳትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ከሞቱ በኋላ ያለው ነው። ዲከንስ መጽሐፉን የዘጋው የዳነው ቤተሰብ በሰላም እንደሚኖር፣ የካርተንም ስም በልጅ ልጅ እንደሚታሰብ አድርጎ ነው። ደራሲ ሆኖ የፈለገውን ፍጻሜ ሊሰጥ ይችላል። ታሪክ ግን እንዲህ አያደላም። አፄ ቴዎድሮስ በወዳጆቻቸው ሞት ኀዘናቸው ከልክ አልፎ፣ ከጋረድ ወገን የተማረኩትን ብዙ ሰዎች አስገደሉ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ሁለቱን ሟቾች አንሥተዋል፤ ስለ ንግሥቲቱ የነገሯቸውም እነርሱ እንደ ነበሩ፣ ደማቸውንም እንደ ተበቀሉ አመልክተዋል። ለዚያ ደብዳቤ መልስ ሳይመጣ ዘገየ፤ ንጉሡም ተቈጥተው አዲሱን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ።

ራሳም ወደ ጣና ዳር የመጣው ይህን ነገር ለማብረድ ነበር። እስረኞቹ ተፈትተው ወደ ቆራጣ መጡ፤ ነገሩም የተፈጸመ መሰለ። ዳሩ ግን ሊሄዱ በተሰናዱበት ጊዜ የንጉሡ ልብ ተለወጠና ራሳምና ጓደኞቹ ሁሉ ተያዙ። የዚህም መጨረሻው የእንግሊዝ ጦር መምጣትና በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነው ነው። የእንግሊዝን ቋንቋና ጠባይ የሚያውቅ፣ ንጉሡም ያለ ጥርጥር የሚያምኑት ሰው በዘጌና በቆራጣ መካከል በታንኳ ቢመላለስ ኖሮ ነገሩ ምን መልክ ይይዝ ነበር? ይህን በእርግጥ ሊመልስ የሚችል የለም። ይሁን እንጂ ቤል በሞቱ የንጉሡን ሕይወት ሲያድን፣ ለንጉሡ እውነቱን ሊነግር የሚችለውን አንደበት ደግሞ ይዞ መሄዱን መካድ አይቻልም።

ታዲያ መሥዋዕትነቱ በከንቱ ሆነ እንበልን? አይደለም። የስጦታ ዋጋ የሚለካው በሰጪው ልብ ነው፤ ተቀባዩ በስጦታው የሚሠራበት ግን የራሱ የተቀባዩ ዕዳ ነው። ካርተን ዳርኔ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ዋስትና አልጠየቀም፤ ቤልም እንዲሁ። ዋስትና ተቀብሎ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ንግድ እንጂ ስጦታ አይባልም ነበር። ከቤል ወገን ያለውን ብናይ ደግሞ፣ ሴት ልጁ ሱዛን በጋፋት መድፍ ይሠሩ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱን ቴዎፊል ቫልድማየርን አግብታ ነበር። እነርሱም ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደው በዚያ ኖሩ፤ ባልዋም በዚያ አገር ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቋቋም ደከመ። አንዱ የተረፈለትን ዘመን በቊጣ ሲያሳልፍ ሌላው ድኩማንን በማሳረፍ ያሳልፈዋል።

አንባቢ ሆይ፤ «እኔ በካርተን ስፍራ ብሆን እሞት ነበርን?» ብሎ ራስን መጠየቅ የተለመደ ነው። ይህ ጥያቄ ለብዙዎቻችን በሕይወታችን አንድ ቀን እንኳ በተግባር አይቀርብልንም። ሌላው ጥያቄ ግን በየማለዳው ይቀርብልናል። እያንዳንዳችን የምንኖረው ሌላ ሰው በከፈለው ዋጋ ነው፤ እርስዋ ሳትበላ ያበላች እናት አለች፤ ዓይኑ እስኪደክም ያስተማረ መምህር አለ፤ ስሙ ሳይጻፍ በድንበር የወደቀ ወታደር አለ። እነዚህ ሁሉ ስለ እኛ የእኛን ካባ ለብሰው በጦር ፊት የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ከካርተንና ከሊቀ መኳስ ዮሐንስ ታሪክ ልንማር የሚገባን እንዴት እንደሚሞት ብቻ አይደለም። በሌላው ሞት የተገዛችውን ሕይወት የተቀበለ ሰው እንዴት ሊኖርባት እንደሚገባው ጭምር ነው። ይህን ያሰበ ሰው ከባሕር ዳር ሆኖ ወደ ዘጌና ወደ ቆራጣ በተመለከተ ጊዜ፣ በውሃው ላይ የሚያልፈውን ታንኳ ብቻ ሳይሆን በእርሱ ላይ ሊሳፈር ሲገባው ያልነበረውን ሰውም ያስታውሳል።