የለመደው ማን ነው?

ፋርማሲ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የቆሙ እናት ሁለት ፍሬ የቀረበት የአሞክሳሲሊን ስትሪፕ መስኮቱ ላይ አኖሩ። «የኔ ልጅ፣ ይኼ አልሠራልኝም። ሰውነቴ ለምዶታል መሰለኝ፤ ጠንከር ያለውን ስጠኝ» አሉ። ባለሙያው «እማማ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልችልም» አላቸው።

እሳቸው ያሉትን ሁላችንም እንለዋለን። ነገር ግን አንቲባዮቲክን የሚለምደው ሰውነት አይደለም። መድኃኒቱ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ነው። ባክቴሪያ ዙሪያውን የታጠረበት ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ የእኛ ሴል የለውም። አሞክሳሲሊንም ሆነ ታላቅ ወንድሙ ፔኒሲሊን ግድግዳውን የሚያያይዘውን ኢንዛይም ይይዙበታል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የጉንፋን ቫይረስ ይህ ግድግዳ ስለሌለው አሞክሳሲሊን ምንም አያደርገውም።

«ጀርሙ ተላመደ» የሚለውም ቢሆን ያሳስታል። ሰው ሚጥሚጣ ቀስ በቀስ እንደሚለምደው፣ አንድ ባክቴሪያ መድኃኒት እየቀመሰ አይጠነክርም። ባክቴሪያ ሲራባ ዘረ መሉን ይገለብጣል፤ በግልበጣው ስሕተት ከሚሊዮኖቹ መካከል አንድ ለየት ያለ ይወለዳል። አንዱ ፔኒሲሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይሠራል፤ ሌላው የገባበትን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል። መድኃኒቱ የቀሩትን ሲፈጅ ቦታውም ምግቡም ለእሱ ይቀራል። ይባስ ብሎ፣ ይህን ችሎታ የያዘውን የዘረ መል ቁራጭ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ሳይቀር ያቀብላል። ስለዚህ በዕድሜው አንድ ፍሬ ያልዋጠ ሰውም መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ሊይዘው ይችላል።

ይህን የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) ያህል በግልጽ ያሳየ በሽታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት 55 ሕሙማን ከአልጋ ዕረፍት ጋር ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ተሰጣቸው፤ ሌሎች 52 ሕሙማን በዕረፍት ብቻ ታከሙ። በ6 ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከኋለኞቹ 14 ሞቱ። ትልቅ ተስፋ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ የሟቾቹ ቁጥር ሲታይ ግን 32 እና 35 ሆኖ ተገኘ። በብዙዎቹ ሳንባ ውስጥ መድኃኒቱ የማይነካው ባክቴሪያ ተርፎ ነበር። ዛሬ የቲቢ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚወስደው ለዚህ ነው፤ ከአንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት ባልበገራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ጥፋቱን ሁሉ በበሽተኛው ላይ መጫን ግን ግፍ ይመስለኛል። የትኛው ጀርም በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት የሚለየው የካልቸር ምርመራ ቀናት ይወስዳል፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ደግሞ ጭራሹኑ የለም። ሐኪሙ በግምት ያዝዛል፣ በሽተኛውም በግምት ይውጣል።

እኚያን እናት በር ላይ ደረስኩባቸውና የቀሩትን ሁለት ፍሬዎች ምን እንደሚያደርጓቸው ጠየቅኳቸው። ስትሪፑን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር። «ለልጅ ልጄ ነዋ» አሉኝ፤ «ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዞታል።»