ደላላ የማይገባበት ገበያ
ከዶክትሬት በኋላ ለሚገኝ የምርምር ሥራ በሬ መሸጥ አያስፈልግም

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በአርብ ገበያ ከብት ሲሸጥ ደላላ መሐል ይገባል፤ ኮሚሽኑንም ይቀበላል። ይህ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ገበያ ሲሻገር ግን ኪሳራ ያመጣል። ቤተሰብ «ልጃችንን ውጭ አገር የሚያስቀጥር ሰው አገኘን» ብሎ በሬ ከመሸጡ በፊት ገበያውን ሊያውቅ ይገባል።

«ፖስት ዶክ» የሚባለው ትምህርት አይደለም፤ ዲግሪም አይሰጥበትም። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ኮንትራት፣ በአንድ ፕሮፌሰር የምርምር ቡድን ውስጥ በደመወዝ ወይም በአበል የሚሠራው ሥራ ነው። ተቀጣሪው ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም።

የአገር ውስጡ ገበያ ጠባብ ነው። ባሕር ዳርና ጎንደር በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከተመደቡት ስምንት ተቋማት መካከል ናቸው፤ ደብረ ታቦርም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል። ይሁን እንጂ ዶክትሬት የያዘ ሰው የሚቀጠረው በአብዛኛው በረዳት ፕሮፌሰርነት ነው፤ የማስተማር ሸክሙም አብሮ ይመጣል። ለምርምር ብቻ የሚወጣ ቦታ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ያወጣል።

በውጭው ገበያ ሁለት በር አለ። በአንደኛው ፕሮፌሰሩ በያዘው የምርምር ገንዘብ ማስታወቂያ አውጥቶ ይቀጥራል። በሁለተኛው አመልካቹ የራሱን የምርምር ሐሳብ ጽፎ ይወዳደራል፤ የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን፣ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ፕሮግራም እና ጽሕፈት ቤቱ በኢጣሊያ ትሪየስት የሆነው ትዋስ የሚታወቁት በዚህ ነው። ሦስቱም አመልካቹን የሚቀበል ተመራማሪ አስቀድሞ እንዲገኝ ይጠይቃሉ፤ የማመልከቻ ክፍያ ግን የላቸውም። ጊዜም ዋጋ አለው። በማሪ ኩሪ በመርህ ደረጃ ከዶክትሬት በኋላ ከስምንት ዓመት የበለጠ የምርምር ልምድ ያለው አይወዳደርም።

ታዲያ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ለዚህ ገበያ ምን ይዞ ይቀርባል? የአገሩን ችግር ነው። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። የዝናብ መዛባት፣ የአፈር መሸርሸር፣ በጉና ተራራ ዙሪያ የሚመረተው ድንች በሽታ፣ ሁሉም የዓለም ተመራማሪዎች የሚያጠኑት ጉዳይ ነው። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1994 ዓ.ም. «ጓሳ» የተባለውን የድንች ዝርያ ሲያወጣ ምርምር ገበያ እንደሚደርስ ታይቷል። ማሳው ላይ በእጁ ለክቶ መረጃ የሰበሰበ ሰው አውሮፓ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ ይዟል።

ዕቃውን ለገዥ የሚያሳየው ግን ራሱ ባለቤቱ ነው። የፕሮፌሰሩን ሥራ አንብቦ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ፣ የታተሙ ጽሑፎችን ማያያዝ፣ ምስክር የሚሆኑ መምህራንን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ የማመልከቻ ቀን ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ሰነዱ ቀደም ብሎ ተሟልቶ ሊቀመጥ ይገባል።

ጥሩ ደብዳቤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ገንዘብ አይፈጅም። በሬው በረት ይቆይ።