ከራሱ ቃል የማይጨምር መልእክተኛ

በኮልፌ ቀራኒዮ፥ በአጣና ተራ ገበያ ሁካታ መካከል የተነገረ ሹክሹክታ ለሩቅ ሰው የሚደርሰው ሰምቶ የሚያደርስ መልእክተኛ ሲኖር ነው፤ መልእክተኛው ከራሱ ቢጨምር ግን ካለመስማት የከፋ ይሆናል። ኳንተም የተባለውን የሒሳብ መኪና የሚሠሩ ሊቃውንትም ያገኛቸው ችግር ይኸው ነው። ከመኪናው ዓይነቶች አንዳንዶቹ መልሱን የሚሰጡት እጅግ በደከመ የማይክሮዌቭ ሞገድ ስለሆነ፥ ተራ ማጉሊያ በራሱ ሁካታ ይውጠዋል፤ በትክክል ያልተነበበ ስሕተትም ሊታረም አይችልም።

መድኃኒቱ የተገኘው ከብርድ ነው። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪ እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ማሳለፉን ተመለከተ፤ ጆሴፍሰንም በ1962 እንዲህ ያሉ ሁለት ብረቶች በስስ መጋረጃ ቢለያዩም ኤሌክትሪኩ እንደሚሻገር በሒሳብ አስረዳ። ከዚህ መጋጠሚያ የሚሠራው ማጉሊያ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ተቀምጦ፥ ከሌሎቹ ማጉሊያዎች አስቀድሞ መልሱን ይቀበላል፤ የፊተኛው ያበላሸውን የኋለኛው አያቃናውምና።

ይሁን እንጂ ኬቭስ በ1982 እንዳስረዳው፥ ሞገዱን በሙሉ የሚያጎላ መሣሪያ ከሞገዱ የመጨረሻ ትንሽ ቁራሽ፥ ማለት ከአንድ ኳንተም፥ ቢያንስ የግማሹን ያህል ሁካታ መጨመሩ አይቀርም። የዛሬዎቹ ማጉሊያዎች ወደዚህ ወሰን እጅግ ቀርበዋል። ፍጹም መልእክተኛ ባይገኝም፥ የሚጨምረው በልክ የታወቀ መልእክተኛ ሊታመን ይችላል።