ማን ገባ? የት ደርሷል? ከመሬት በታች ሠራተኛን ስለሚፈልጉ ቴክኖሎጂዎች

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሳጎ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከፈነዳ 20 ዓመት አልፎታል። የእኛው የደላንታ ናዳ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. በጋ በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚጠጉ ኦፓል ቆፋሪዎች ውስጥ ቀሩ፤ ገደሉ ማሽን ስለማያስጠጋ ነዋሪው በእጅ መሣሪያ ታገለ። በሁለቱም ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰዎቹ የት ናቸው የሚል ነበር።

የስልክና የዋይፋይ ሞገድ ዐለት ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ እርጥብ ዐለት ከሆነማ ጭራሽ ይውጠዋል። ድግግሞሹ በጣም ዝቅ ያለ ሞገድ ዐለቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የሚሸከመው መልእክት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘርፉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ዋሻውን በኬብልና በአንቴና ይሞላል፣ ሌላው ዐለቱን ራሱን አቋርጦ ለመነጋገር ይሞክራል።

ገበያው ያለው በመጀመሪያው ነው። ሠራተኛው ራስ ቁሩ ወይም የመብራት ባትሪው ላይ የኤሌክትሮኒክ መለያ (ታግ) ይይዛል፤ በየግድግዳው የተሰቀሉ አንባቢዎች ሲያልፍ ይመዘግቡታል፤ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ስሙን በስክሪን ያያል። አርኤፍአይዲ፣ ዋይፋይ፣ ሞገድ በየመንገዱ እንዲያሾልክ የተሠራው ሊኪ ፊደር ኬብል፣ ርቀትን አጥብቦ የሚለካው አልትራ ዋይድባንድ፤ ልዩነታቸው በዋጋና በትክክለኛነት ነው። ሰላም በሆነ ቀን ሁሉም ይሠራሉ። ናዳው ኬብሉን ሲቆርጠው ግን ስክሪኑ የሚያሳየው ሰውየው ከአደጋው በፊት የነበረበትን ቦታ ነው።

ሳጎን ደጋግሞ ማንሳት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 1998 ዓ.ም. ከፍንዳታው በኋላ 12 ሠራተኞች ጭሱን በሸራ ጋርደው ተቀመጡ። በመዶሻ የጣራውን ብሎን ደበደቡ፤ ከላይ መሬት ላይ ግን ድምፁን የሚያዳምጥ መሣሪያ አልተተከለም ነበር። ከ41 ሰዓት ገደማ በኋላ አዳኞች ደረሱባቸው። የኦክስጅን ጭምብል ካጠለቁ አዳኞች በሬዲዮ እየተቀባበለ የወጣው መልእክት ላይ ሲደርስ «12ቱም በሕይወት አሉ» ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበው ቤተሰብ በደስታ አለቀሰ። ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ እውነቱ ተነገረው፤ በሕይወት የተገኘው አንድ ብቻ ነበር።

ቁጣው ሕግ ወለደ። በሰኔ 1998 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ የከሰል ማዕድናት በሦስት ዓመት ውስጥ ሽቦ አልባ የሁለትዮሽ መገናኛና የሠራተኛ መከታተያ እንዲኖራቸው አዘዘ። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ግን ሙሉ በሙሉ ሽቦ አልባ የሆነ ነገር ዝግጁ አልነበረም፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2001 ዓ.ም. አማራጭ ተቀበለ፦ ሠራተኛው የሚይዘው ሬዲዮ ሽቦ አልባ ይሁን፣ የጀርባ አጥንቱ ኬብል ቢሆንም ይፈቀዳል። ሕጉ ካዘዘው ያነሰ ነገር አስገኘ ብል አላጋነንኩም።

ዐለቱን አቋርጦ የሚነጋገረው ሁለተኛው መንገድ እስካሁን ችላ የተባለ ነው፤ ይሁንና በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ዊሎው ክሪክ ማዕድን በእሳት ሲያያዝ፣ ፒኢዲ የተባለው መሣሪያ ዐለቱን አልፎ በመብራት ባትሪያቸው ላይ የ«ውጡ» መልእክት አደረሳቸውና ሠራተኞቹ ወጡ። ጉድለቱ መናገር እንጂ መስማት አለመቻሉ ነው። በዚያው ዩታ በ1999 ዓ.ም. ክራንዳል ካንየን ማዕድን ሲደረመስ ደግሞ ውስጥ የቀሩትን ስድስት ሠራተኞች ለማግኘት ሰባት ጉድጓዶች ከላይ ተቆፈሩ፤ አንዱም አላገኛቸውም፤ ሦስት አዳኞችም በፍለጋው ሞቱ። በቺሊ ማዕድን ተደርምሶ ውስጥ የቀሩትን 33 ሰዎች ግን በ2002 ዓ.ም. መሰርሰሪያው በ17ኛው ቀን አገኛቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት ጣና በለስ የጣና ሐይቅን ውኃ ከኩንዝላ በኩል ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወደ ከርሰ ምድር ኃይል ማመንጫው ይወስዳል። እንዲህ ባለ ዋሻ ውስጥ ቦታ ማለት ከበሩ ያለው ርቀት ብቻ ነው፤ በር ላይ ያለ ትክክለኛ ቆጠራና ጥቂት አንባቢዎች አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ።

ደላንታ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው የአካባቢው የወገልጤና ኦፓል ያለው ውፍረቱ ከአንድ ሜትር በታች በሆነ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ቆፋሪው ንጣፉን እየተከተለ ወደ ገደሉ ሆድ ይገባል። ካርታ የለውም፣ ኬብል የሚዘረጋለት ኩባንያም የለውም። ካርታ በሌለበት ታግ ቢገዛ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚመዘገበውን ነጥብ የት ላይ ታስቀምጠዋለህ? ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ፦ በየዋሻው አፍ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚል መዝገብ፤ የቆፋሪዎቹ ማኅበራት የሚጠብቁት የዋሻ ንድፍ፤ ቆፋሪው ሁሉ የሚያውቀው የመዶሻ ምልክት፤ ወረዳው ወይም ዞኑ የሚያስቀምጠው የመሬት ንዝረት ማዳመጫ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ ፖሊ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ካለው፣ ከአዲስ ታግ ይልቅ ርካሽ የንዝረት ማዳመጫ ሠርቶ ደላንታ ላይ ቢሞክር ይበጃል።