ላፕቶፑ ዘገየ ብላችሁ ሳትጥሉት፦ ስለ ሃርድ ዲስክ ጥቂት ምክር

“እማዬ፣ ይሄ ላፕቶፕ አይሠራም፤ አዲስ ግዙልኝ!” የሚለውን ያልሰማ ወላጅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ልጅ የባግሩት ፈተና ደርሶበት ማሽኑ ለመነሳት ብቻ አምስት ደቂቃ ሲፈጅ ማየት ያስጨንቃል። አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሸቅል ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ግን ያረጀው ማሽኑ በሙሉ ሳይሆን በውስጡ ያለው አንድ ዕቃ፣ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሱቅ ውስጥ “ዲስክ ካሺያሕ” የሚሉት ማለት ነው። እርሱን ብቻ በመቀየር ላፕቶፑ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን ከገንዘቡም የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

ጎተራና ገበታ

ልጆቻችን “ዚካሮን” ሲሉ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ራም የሚባለው እንደ ገበታ ነው፤ ለጊዜው የምንሠራበትን ነገር ይይዛል፣ ማሽኑ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ሃርድ ዲስክ ግን ጎተራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ያስገባንበት ሁሉ ይቆያል።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በ1956 አይ.ቢ.ኤም. የሠራው ሲሆን፣ አንድ ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። የሚይዘው 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለነበር፣ ዛሬ በስልክ የምናነሳቸው አንድ ሁለት ፎቶዎች ይሞሉታል። በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለውም የእርሱ ዘር ነው፦ እንደ ድሮው ሸክላ የሚሽከረከሩ ሳህኖችና በላያቸው ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለው። ሳህኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ። ክንዱ እያንዳንዱን ፋይል እየዞረ ስለሚፈልግ ይዘገያል፤ ሲወድቅም በቀላሉ ይጎዳል።

አዲሱ ዓይነት “ኤስ ኤስ ዲ” ይባላል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። አሮጌው በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ተራው ኤስ ኤስ ዲ 500 ገደማ ያነባል፤ ፈጣኑ ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል። አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው መነሳት ከአንድ ደቂቃ በታች ሊሆን ይችላል።

የትኛውን እንግዛ?

መጀመሪያ ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የቆዩት ላፕቶፖች የሚቀበሉት ባለ 2.5 ኢንቹን “ሳታ” የሚባል ዓይነት ነው። አዳዲሶቹ ደግሞ “ኤም ቱ” የሚባለውን፣ እንደ ማስቲካ ቅጠል ቀጭን የሆነውን ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ኤም ቱ ራሱ “ሳታ” እና “ኤን ቪ ኤም ኢ” የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ መልካቸው ቢመሳሰልም የአንዱ ቦታ ሌላውን ላይቀበል ይችላል። ዲስኩ ከነአካቴው የተበየደባቸው ላፕቶፖችም አሉ፤ እነዚህ አይቀየሩም።

ለትምህርት ሥራ 500 ጊጋባይት ይበቃል፤ 256 ቶሎ ይጠባል። ብዙ ፎቶና ቪዲዮ ላለው ቤት አንድ ቴራባይት ይሻላል። የገዛችሁት 500 በኮምፒዩተሩ ላይ 465 ብሎ ቢታያችሁ አልተታለላችሁም፤ ፋብሪካው በ1000፣ ኮምፒዩተሩ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። እውነተኛው ማታለል በኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጠው “16 ቴራባይት” ዓይነቱ ነው። እንደ ሳምሰንግና ኪንግስተን ያሉ የታወቁ ድርጅቶች የሠሩትን፣ “አሓራዩት” ያለውን ምረጡ። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ።

ሁሉም ላፕቶፕ ግን ወጪው አይገባውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ስለዚህ “ይህ ማሽን ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ?” ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማይቀበል ከሆነ፣ ወይም ስክሪኑና ባትሪው አብረው ከተበላሹ፣ ገንዘቡን ለሌላ ማሽን ማቆየት ይሻላል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው

በብዙ ቤት አሮጌው ላፕቶፕ ውስጥ የልጆች የባር ሚጽዋ ፎቶ፣ የሲግድ በዓል ቪዲዮ፣ አያት በሱዳን በኩል ስለመጡበት መንገድ ሲተርኩ የተቀዳ ድምፅ አለ። ያ አያት ዛሬ በሕይወት ከሌሉ ታሪኩን ደግሞ የሚነግረን የለም። አዲስ ዲስክ ከሱቅ ይገዛል፤ ያ ድምፅ ግን ከየትም አይገዛም።

ጥፋቱ በቋንቋ ምክንያት ሊደርስ ይችላል። ጠጋኙ በጥድፊያ “ውስጡ ያለው ይፈለጋል?” ይላል፤ ወላጅ በደንብ ሳይሰማ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ዲስኩም ይጠረጋል። ስለዚህ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙ፦ “በቫካሻ፣ አል ቲምሐቅ” – እባክህ፣ እንዳታጠፋ። ቀጥሎም “አኒ ሮጼ ኤት ሃዲስክ ሃያሻን ባሐዛራ” – አሮጌውን ዲስክ መልስልኝ። እናቶች “ሮጻ” ይበሉ። የተቻለ እንደሆነ በወረቀት አስጽፉት።

ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ “ጊቡይ”፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ ሥሩ፦

• ፎቶውንና ድምፁን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ፤ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ በሌላ ልጅ ቤት ይቀመጥ።
• ከገለበጣችሁ በኋላ ጥቂቱን ከፍታችሁ እዩ፣ ስሙም።
• ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ማሽኑን አጥፉና ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ እየደጋገሙ ማስነሳት ያብስበታል።
• ላፕቶፑ “ቢትሎከር” በሚባል ቁልፍ የተዘጋ ከሆነ ቁልፉን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙ።

ኤስ ኤስ ዲም ቢሆን አይበላሽም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ያለ ምንም ምልክት በድንገት ይሞታል። አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ በርካሽ በሚገዛ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ እንደ ተጨማሪ ጎተራ ያገለግላል። ለሰው የምትሰጡት ወይም የምትጥሉት ከሆነ ግን የባንክና የመታወቂያ ወረቀቶቻችሁ እንዳይቀሩበት በሚገባ ይጠረግ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የአያት ድምፅ የት ማሽን ላይ እንዳለ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ ወደ ጠጋኙ ከመሄዳችሁ በፊት አብራችሁ ገልብጡት።