ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው

የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ በተለጠፈ ቀን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ የሚሰማው ጥያቄ «ማን ያልፍ ይሆን?» አይደለም፤ «ለማን ነው የወጣው?» ነው። መስፈርቱ በአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ መጥቷል ይባላል። ሐሜቱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ያመነው ሠራተኛ ፎርም አይሞላም።

ታዲያ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ዝውውር ይጠይቃል፤ የቀናው ግል ባንክ ይገባል። መሄጃ የሌለው ጠዋት ፈርሞ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ባለጉዳይ ሲመጣ «አሁን እዚህ ነበር፤ ኮቱ ይኸው» ይባላል።

ይህን ስንፍና እንለዋለን። ለእኔ ግን አብዛኛው ሒሳብ ማወራረድ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስቴሲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ አይርቅም፦ ሰው የሚለፋውንና የሚያገኘውን ከጎኑ ካለው ባልደረባ ጋር ያስተያያል፤ ካልተመጣጠነለት፣ ደመወዙን መጨመር ባይችል ልፋቱን ይቀንሳል።

የሚገርመው፣ ከጉዳቱ ይልቅ አነጋገሩ ሊብስ መቻሉ ነው። ጄራልድ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በሁለት ፋብሪካዎቹ ለ10 ሳምንት ደመወዝ በ15 በመቶ ቀንሶ ነበር። በአንደኛው ኃላፊው ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ማዘኑንም ገልጾ አስረዳ፤ በሌላው ነገሩን በአጭሩ ተናግሮ ሄደ። የተቀነሰው ገንዘብ እኩል ነው። የሠራተኞቹ ስርቆት ግን በአጭር ቃል በተሸኙት ዘንድ በእጅጉ በዛ።

ቂሙ ጤና ላይም ይወርዳል። የእንግሊዝን የመንግሥት ሠራተኞች ለዓመታት የተከታተለው የዋይትሆል ጥናት፣ አለቆቻችን ፍትሐዊ ናቸው በሚሉት ወንዶች ላይ የልብ ሕመም ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

እኛ ዘንድ ቅሬታ ማቅረቢያው መንገድ በወረቀት አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የቅሬታ አጣሪ ኮሚቴን ደንግጎ ነበር፤ ከዚያም በላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነበር። ችግሩ ኮሚቴው የሚቀመጠው እዚያው ሕንፃ ውስጥ መሆኑ ነው። አባላቱ ባልደረቦች ናቸው፤ የእነሱንም የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚሞላ አለቃ አላቸው። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት የተቀበለችው ልጅ ማኅተም ሳታደርግ ቀና ብላ ታያለች፦ «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?» ከዚያ ወዲያ ሰውየው «ከሳሹ» ነው፤ ሻይ ክበብ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ይቆያል።