2 ጊጋ ሆኖ አልከፍት ያለው ቪዲዮ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሠርግ አለ እንበል። ጨዋታው ደርቷል፤ ዘፋኙ ከአራቱ ቅኝቶች በአምባሰል ጀምሯል፤ የሙሽራው ወንድም በስልኩ እየቀረጸ ነው። መሃል ላይ ባትሪው አልቆ ስልኩ ድርግም ይላል። ማታ ቻርጅ ተደርጎ ሲበራ ፋይሉ በቦታው አለ፤ መጠኑም 2 ጊጋ ባይት ነው። ሲነኩት ግን «ቪዲዮውን ማጫወት አይቻልም» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተበሳጭቶ ያጠፋዋል። እንዳታጠፉት።

በስልክ የምንቀርጸው ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ኤምፒ ፎር የሚባል ፋይል ነው። በውስጡ ምስሉና ድምፁ እየተቆራረጡ ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ሌላ የትኛው ቁራጭ ከየት እንደሚጀምርና ስንት እንደሚቆይ የሚናገር ማውጫ አለ። በጥንት የአራቱ ወንጌላት ብራናዎች መግቢያ ላይ የሚገኘው የአውሳብዮስ ቀኖናም ሥራው ተመሳሳይ ነው፦ ይህ ታሪክ በየትኛው ወንጌል፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ይጠቁማል። የብራናው ጸሐፊ ሰንጠረዡን መጀመሪያ ላይ ያኖረዋል። ስልኩ ግን ቀረጻው ስንት ደቂቃ እንደሚሆን አስቀድሞ ስለማያውቅ ማውጫውን የሚጽፈው «አቁም» ሲባል ነው። ባትሪው ቀድሞ ካለቀ ምስሉም ድምፁም ተቀምጦ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል። ማጫወቻው ከየት እንደሚጀምር አያውቅምና አልከፍትም ይላል።

መድኃኒት አለው። ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ከዚያ በዚያው ስልክ፣ በዚያው የካሜራ ማስተካከያ አጭር ቪዲዮ ቅረጹና በደንብ አቁሙት። እንደ አንትራንክ ያሉ ፕሮግራሞች ከጤነኛው ቪዲዮ የስልኩን አደራደር አንብበው ለተጎዳው ማውጫ ለመሥራት ይሞክራሉ። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ሠርጉ ይመለሳል። የፋይሉ መጠን 0 ከሆነ በዚህ መንገድ የሚገኝ ነገር የለም።

ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር የሚሆነው ቪዲዮ ሌላ ጉዳይ ነው። አዳዲስ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ኤች 265 በሚባለው ዘዴ ያምቃሉ፤ አሮጌው ስልክ የሚያውቀው ግን ከእሱ በፊት የነበረውን ኤች 264ን ይሆናል። ቪኤልሲ የተባለውን ነፃ ማጫወቻ ጫኑና ሞክሩ፤ ካልሆነ ላኪው ወደ ኤች 264 ቀይሮ ይላክላችሁ። የፋይሉን ስም ጭራ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ዋጋ የለውም፤ መለያው ይለወጣል እንጂ ውስጡ ያው ነው። ዘፈን ላይም እንዲሁ ነው። የፋይሉን ስም አስተካክላችሁ ማጫወቻው አሁንም «ትራክ 01» ካለ፣ የሚያነበው በኤምፒ 3ው ውስጥ የተጻፈውን የዘፈንና የዘፋኝ ስም ስለሆነ እሱን በታግ ማስተካከያ መተግበሪያ ቀይሩ።

አሁን እኛ አገር ወደሚያጋጥመው የዘመን አቆጣጠር ችግር ልምጣ። ከሐይቅ ወደ ሰሜን በወልድያው መንገድ ስንሄድ የምናገኛት የአምባሰሏ ውጫሌ ውሏ ከጣልያን ጋር የተፈረመው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፤ በጣልያኖቹ ደግሞ ግንቦት መጀመሪያ 1889። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስልክ ግን ይህን አይቀበልም። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ፣ የስልኩን ቀን በእጁ በእኛ ዓመተ ምሕረት ይሞላዋል፤ ሰዓቱንም ጠዋት 2 ይለዋል። ከዚያ ዋትስአፕ ቀኑን አስተካክል ይላል፣ ድረ ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል፣ ዛሬ የተነሣ ፎቶም ጋለሪ ውስጥ ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የዲጂታል ምስክር ወረቀት አለው። ቀኑ 2018 ተብሎ የተሞላ ስልክ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለቀረ ወረቀቱ ገና ያልጸና ይመስለዋል፤ ለደኅንነት ሲል ይዘጋዋል። ፎቶውም አልጠፋም፤ ጋለሪው በቀን ስለሚደረድር ታች፣ ከአሮጌዎቹ ጋር ተቀብሯል። ማስተካከያው ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱን «አውቶማቲክ» አድርጉት፤ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ከተለየ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ አግኙት። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ስልክ 1970ን ካሳየም አትደንግጡ። የአንድሮይድ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ዓመት መጀመሪያ፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ሲያጣ ወደዚያው ይመለሳል።

የቀረው የሚሞሪ ካርድ ነው። ካርድ ባስቸገረ ቁጥር ሞባይል ቤት ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ፎርማት እናድርገው» ነው፤ እኔ ይህን የመጨረሻ አደርገዋለሁ። 5 ጊጋ የሆነ የሠርግ ቪዲዮ ባዶ ካርድ ላይ አልገለበጥ ካለ ካርዱ አልተበላሸም። ፋት 32 በተባለው አደራደር የተዘጋጀ ካርድ 4 ጊጋ የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። መፍትሔው ቪዲዮውን መክፈል ነው፤ ወይም በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ካርዱን ወደ ኤክስፋት መቀየር።

ከካርድ ላይ ዘፈን በስሕተት ሲጠፋ ደግሞ የሚሰረዘው በመጀመሪያ አድራሻው ነው፤ ዘፈኑ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። ስለዚህ ካርዱን ወዲያው አውጡት፣ ፎቶም አታንሡበት፤ ከዚያ በኮምፒውተር የፋይል መልሶ ማግኛ ሞክሩ። የስልኩ የራሱ ማከማቻ ላይ ግን ይህ ተስፋ ጠባብ ነው፤ አዳዲሶቹ ስልኮች ውስጡን ስለሚመሰጥሩት ማየት የሚጠቅመው የጋለሪውን የተሰረዙ ፋይሎች ማቆያ ነው።

ላዩ ላይ 512 ጊጋ ተብሎ የታተመ፣ ዋጋው ግን የማይመስል ካርድ ካገኛችሁ ጠርጥሩ። እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ የሆነ ካርድ ለስልኩ ውሸት እንዲናገር ተደርጎ ይሸጣል። 8ቱ ጊጋ እስኪሞላ በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የገባው ፋይል ስሙ እየታየ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ወይም በቀድሞዎቹ ላይ ይጻፋል። ማረጋገጫው ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው፤ ይህን የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ሰዓታት ስለሚፈጅ ሱቅ ቆሞ የሚጠበቅ አይደለም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ካርዱ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ገንዘባችሁን እንደሚመልስ ከባለሱቁ ጋር ተስማሙ፣ ማሸጊያውንም አትጣሉ።